በሩ ምን በደለ

ተቀመጥ ልጄ። ሞረዱን ግን ከጠረጴዛው ላይ አንሳልኝ፤ ቡና በቀረበበት ሞረድ አይቀመጥም።

ትናንት በስልክ «ጋሼ፣ የቮልሷ የቀኝ በር ላይኛው ጥግ ከኋላው አካል ጋር ይፋተጋል፤ ሁለት ሚሊሜትር ብሞርደው ይበቃዋል» ስትለኝ ዝም ያልኩት ሳልሰማህ ቀርቼ አይደለም። በስልክ የሚመለስ ነገር ስላልሆነብኝ ነው። «ምከረው ምከረው፣ እንቢ ካለ መከራ ይምከረው» ይላሉ አባቶች። እኔ ግን አንተን ለመከራ አስረክቤ የምተኛበት ሆድ የለኝም፤ መኪናዋ የአባትህ ናት፣ በዚያች በር ላይ ደግሞ የእኔም ዕዳ አለ። ወደ ዕዳው እመጣለሁ። በመጀመሪያ ለቀለም ቀቢው ደውልና የሰኞውን ቀጠሮ ሰርዘው። ቢቆጣም ይቆጣ።

ምን አስቸኮለህ? መኪናዋ ስድስት ዓመት ሙሉ ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሳ ቆማ፣ አሁን በአንድ ሳምንት ሙሽራ ካልሆነች ብለህ ተነሳህ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ቀለም ከተቀባ በኋላ በር ማስተካከል ቀሚሱ ከተሰፋ በኋላ ልክ እንደ መውሰድ ነው። ሥራቸውን የሚያከብሩ ሰዎች አካሉን በሙሉ በጥሬ ላሜራው ይገጥሙታል፤ በሩን፣ ኮፈኑን፣ ፓራፋንጎውን፣ መርገጫውን፣ ፓራውልቱን ሳይቀር። ክፍተቱን ሁሉ ካስተካከሉ በኋላ ኮብልስቶን ላይ ነድተው ያንገጫግጯታል፣ ተመልሰው እንደገና ያዩዋታል። ከዚያ በየማጠፊያው ዙሪያ ምልክት አድርገው ይፈቱና ቀለም ይቀባሉ። መልሰው ሲገጥሙ ምልክቱን መከተል ብቻ ነው። አንድን መኪና ሁለት ጊዜ መግጠም ነው፤ አዎ፣ ያደክማል፤ ገንዘብም ይበላል።

ቮልስን ለአዲስ አበባ ሰው ማስተዋወቅ ለቀባሪው ማርዳት ነው። ሐኪሙም፣ አስተማሪውም፣ የመንግሥት ሠራተኛውም ነድቷታል። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ጃንሆይን ከቤተ መንግሥት ያወጣቸው በቮልስ ነበር። እኔ ያን ጊዜ የጋራዥ ልጅ ነበርኩ፤ ትልልቆቹ ፖለቲካውን በሹክሹክታ ሲያወሩ እኛ ለማጆቹ የተከራከርነው ጃንሆይ በዚያች በጠባቧ በር፣ የፊቱ ወንበር ታጥፎ፣ እንዴት ጎንበስ ብለው እንደገቡ ነበር። ልጅነት መቼም።

እኛ ጋራዥ ሰዎች የምንወዳት ግን በሌላ ምክንያት ነው፤ ትፈታለች። ጀርመኖቹ ሲያስቧት የተጎዳውን አውልቆ በሌላ ለመተካት አስበው ነው የሠሯት። በ1972 እ.ኤ.አ. የፎርድን ሞዴል ቲ በብዛት የበለጠች፣ የመጨረሻዋም በሐምሌ 2003 እ.ኤ.አ. ሜክሲኮ ፑዌብላ ውስጥ እስክትወጣ ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ የተሠራች መኪና በሌላ መንገድ አትታሰብም። አራቱም ፓራፋንጎዎች በቡሎን የተያዙ ናቸው፤ አንድ የ13 ቁልፍ የያዘ ሰው፣ ዝገት ካልከፋበት፣ ጠዋት ጀምሮ ከምሳ በፊት አንዱን አውልቆ ሌላ ይገጥማል። ኮፈኑ ይፈታል፣ የሞተሩ ክዳን ይፈታል፣ በሮቹ ይፈታሉ፤ ከፈለግህ በየጎኑ የተደረደሩትን ቡሎኖች ፈትተህ አካሉን ከነጣሪያው እንደ መሶብ ክዳን ከወለሉ ላይ ታነሳዋለህ። ፈተናውም እዚያው ላይ ነው። ሁሉም ነገር ስለሚፈታ፣ ሰው የተጣመመውን ሁሉ የቡሎን ጥፋት ያደርገዋል። ያ ካልሆነ ደግሞ እንደ አንተ የበሩን ጥፋት።

የሙያችንም ስም ያሳስታል። የእኛ ጋራዥ ቋንቋ ከጣሊያን የቀረ ነው፤ ኮፈኑ፣ ፓራፋንጎው፣ ስፖርቴሎው፣ ቡሎኑ፣ ካቻቢቴው። አምስት ዓመት ቆይቶ ሲወጣ የመሣሪያ ሳጥኑን ከነስሙ ረስቶት የሄደ ይመስላል። እኔ የምጠራበት «ባትላሜራ» የሚለውም ከእነሱ ነው፤ ላሜራ መቺ ማለት ነው። እኔም ወጣት ሳለሁ ሥራዬ መምታት መሰለኝ። መዶሻ ሳነሳ ዕውቀት የጨመርኩ ይመስለኝ ነበር። ከዕድሜዬ ግማሹ ካለፈ በኋላ ነው የገባኝ፤ ከቀኑ ሦስት እጅ ማየትና መለካት ነው፣ መምታቱ ከሰዓት በኋላ ትንሽ ሰዓት ቢወስድ ነው።

እስቲ ወደ በሩ። ነገ ጠዋት መኪናዋን ሜዳ ላይ አቁማት፤ በአራቱም ጎማዋ፣ ጎማዎቹ በልካቸው ተነፍተው። ጎኗ ላይ ቁጢጥ በልና የክብሪት እንጨት ያዝ። የአንዱ ውፍረት ሁለት ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ስታደርጋቸው አራት ይሆናሉ። በአሮጌ መኪና ላይ ሁለት ክብሪት ሳይጠብቅና ሳይላላ የበሩን ዙሪያ ከዞረ ሌላ አትፈልግ። አሁን ከላይ፣ በኋላው ጥግ፣ አንድ ክብሪት እንኳ አይገባም አይደል? ወደ ታች ስትወርድ ደግሞ ሦስት ይገባል። ከመስኮቱ ሥር የሚሄደውን የኒኬል መስመር ተመልከት፤ የበሩ መስመር ከኋላው አካል መስመር ዝቅ ብሏል። የበሩ ጭራ ወርዷል ማለት ነው።

ለምን ወረደ? ሁለት ምክንያት አለው፤ የሁለቱም መልክ አንድ ስለሆነ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አንደኛው የማጠፊያው ዘንግ መበላት ነው። በሩን ከፍተህ ጫፉን በሁለት እጅህ ወደ ላይ አንሳው፤ ቀጭ ቀጭ እያለ ከተንቀሳቀሰ ዘንጉ ተበልቷል። እሱ ቀላል ነው፤ ዘንግ ይቀየራል፣ ዘይት ይጠጣል። በሩ ሲነሳ ንቅንቅ ካላለ ግን፣ ማጠፊያው ጤነኛ ሆኖ ሳለ ጭራው ከወረደ፣ የወረደው በሩ አይደለም፤ በሩ የተሰቀለበት አካል ነው። መሃሉ ሰምጧል፤ ሲሰምጥ የፊቱና የኋላው ምሰሶ ከላይ በኩል ይቀራረባሉ። በሩ እንደ ድሮው ነው፤ ቤቱ ጠበበው።

ይህን ለማረጋገጥ ክሪክ አምጣ። ከበሩ ደፍ መሃል ሰፊ ጣውላ አስደግፈህ ቀስ እያልክ አንሳ፣ ዓይንህ ላይኛው ጥግ ላይ ይሁን። ክፍተቱ መከፈት ከጀመረ ምርመራው አለቀ። ጣውላው ወደ ደፉ ውስጥ እየሰመጠ ከሄደና የዝገት ቅርፊት መሬት ላይ ከተራገፈማ ከዚያ በፊት አልቋል፤ ክሪኩን መልሰህ አውርደው። ሞረድ ይዞ በሩ ላይ መዝመት አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው።

ዕዳዬን ልንገርህ። ያቺን በር አንድ ጊዜ የሞረድኩት እኔ ነኝ።

ጥር 1982 ዓ.ም. ነው። አባትህ ሐሙስ ዕለት መጣ፤ እሑድ አምቦ ሠርግ አለበት፣ ሚዜ ነው። በሩ ይፋተጋል፣ ቀለሙን ጠርዙ ላይ በልቶታል። የማየው አሁን አንተ የምታየውን ነው፤ ከላይ ጠባብ፣ ከታች ሰፊ። አባትህ ደግሞ የሚያስፈልገኝን ሁሉ ነግሮኛል። «እግረ መንገድህን፣ ከክረምት ወዲህ ማሞቂያው በቀኝ በኩል የተቀመጠ ሰው እግር ጋ አይደርስም» አለኝ። እኔም «እሱ የሞተር ሰው ሥራ ነው» ብዬ አለፍኩት።

ቮልስ ራዲያተር የላትም፣ ሞተሯ የሚቀዘቅዘው በአየር ነው። ወደ ውስጥ የሚገባው ሙቀትም ከጭስ ማውጫው ዙሪያ የሚሞቅ አየር ነው። ሞተሩ ከኋላ ነው፣ የነጂው እግር ከፊት። ታዲያ አየሩ በምን በኩል ያልፋል? በበሮቹ ሥር፣ በደፉ ውስጥ። ያ ደፍ ባዶ ቦይ ነው፤ ሐምሌ ላይ እግርህን የሚያሞቅልህም፣ አካሉን ቀጥ አድርጎ የሚይዘውም እሱው ራሱ ነው። ሙቀቱ ካልደረሰ ቦዩ ተቀድዷል፤ ቦዩ ከተቀደደ አካሉ ይሰምጣል፤ አካሉ ከሰመጠ በሩ ይፋተጋል። አንድ በሽታ በሁለት አፍ ነገረኝ፤ በሁለቱም አልሰማሁም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ እዚህ ላይ ግን በሽተኛው አልደበቀም፤ የደበቅኩለት እኔ ሐኪም ነኝ ባዩ ነኝ።

ላይኛውን ጥግ ሞረድኩት። ታች የሰፋውን በስቱኮ ሞላሁት። ዓርብ ማታ ክፍተቱ ከዳር እስከ ዳር እኩል ነበር፤ እኔም ኮርቻለሁ፣ ሰው ጠርቼ አሳይቻለሁ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እንዲህ ያለውን ነው። ጠርዝ ላይ የተቀመጠ ስቱኮ በር በተዘጋ ቁጥር ይመታል፤ ላሜራው ይንቀጠቀጣል፣ ስቱኮው ግን አብሮት መንቀጥቀጥ አያውቅም፣ ይሰነጠቃል። በስንጥቁ ውሃ ይገባል፣ ከሥሩ ዝገት ይጀምራል። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል። አባትህ አምቦ ደርሶ እስኪመለስ መሰንጠቅ ጀምሮ ነበር። አንድም ቀን አልወቀሰኝም። ሲያገኘኝ ማኪያቶ ይጋብዘኝ ነበር፤ የሚከብደኝ እሱ ነው።

አሁን ለአንተ ያተረፍኩልህን ነገር አስተውል። ደፉ ተጠግኖ አካሉ ወደ ልኩ ሲመለስ፣ ያ እኔ የሞረድኩት ጥግ ሰፍቶ ይወጣል። አንተ ደግሞ ሁለት ሚሊሜትር ብትጨምርበት ኖሮ ጣት ያስገባ ነበር። ስለዚህ በመጨረሻ የጎደለውን መመለስ አለብን፤ በስቱኮ ሳይሆን በብረት። ቀጭን የብየዳ ሽቦ ጠርዙ ላይ ተጋድሞ ነጥብ ነጥብ እየተደረገ ይበየዳል። አንዱን ነጥብ ይዘህ ራቅ ወዳለው ትሄዳለህ፣ የመጀመሪያው እስኪበርድ። በአንድ ትንፋሽ ከበየድከው ላሜራው በሙቀት እንደ ደረቅ ቋንጣ ይጠማዘዛል፣ ከዚያ በኋላ ለማቅናት ያንተም የእኔም ዕድሜ አይበቃም። ሞረዱን የምታወጣው ያኔ ነው፤ የተረፈውን ብየዳ ለማስተካከል።

የቀኙ ደፍ ከግራው ቀድሞ ለምን እንደሄደ ጠይቀኝ። የኋላውን ወንበር አንሳ፤ ባትሪው በቀኝ በኩል ተቀምጧል። የባትሪ አሲድ በዓመታት ውስጥ ወለሉን ይበላል፣ ከወለሉ ወደ ደፉ ይሻገራል። ስለዚህ ደፉን ብቻ አይተህ አትመለስ፤ ባትሪው የተቀመጠበትን ወለል በካቻቢቴ ጫፍ ውጋው። ከሰመጠ እሱም ይቆረጣል።

ደፉን ለመቁረጥ የምትቸኩል ከሆነ ሁለተኛ አትምጣብኝ። ከመቁረጥ በፊት የበሩ ክፈፍ ይታሰራል። አንድ የማውቀው ጎበዝ ልጅ ሁለቱንም ደፍ በአንድ ቀን ቆርጦ ጣለ፤ አካሉ እንደ ረጠበ ካርቶን ቁጭ አለ። በሮቹን እስከ ዛሬ አልገጠማቸውም። አንተ መጀመሪያ የሰመጠውን በክሪክ ወደ ልኩ ትመልሳለህ፣ ክፍተቱን በክብሪቱ እያየህ። ከዚያ በሩን አውልቀህ ሰያፉን ለካ፦ ከላይኛው ማጠፊያ እስከ ታችኛው የኋላ ጥግ፣ ከታችኛው ማጠፊያ እስከ ላይኛው የኋላ ጥግ። በግራው በርም እንዲሁ። ቁጥሩን ግድግዳው ላይ በኖራ ጻፈው፤ ወረቀት ጋራዥ ውስጥ ይጠፋል። ከዚያ ቱቦላሬ ከፊት ምሰሶ እስከ ኋላ ምሰሶ፣ አንዱን በአግድም፣ አንዱን በሰያፍ፣ በየበሩ ክፈፍ ውስጥ ታስበይዳለህ። ያን ጊዜ አንዱን ደፍ ትቆርጣለህ። አንዱን ብቻ። አካሉ ከወለሉ ጋር በቡሎኖቹ እንደታሰረ፣ በመሃላቸው የሚገባው ጎማም በቦታው ሆኖ፤ አለበለዚያ አዲሱ ደፍ የሚበየደው በሌለ ልክ ላይ ነው። አዲሱን መጀመሪያ ነጥብ ነጥብ ብቻ አስይዘው፣ ቱቦላሬውን ሳትፈታ ሰያፉን ደግመህ ለካው፣ ከግድግዳው ጋር አስተያየው። ከሸሸ ነጥቡ በቀላሉ ይነቀላል። ልክ ከሆነ በደንብ ይበየዳል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

በሩን ስትሰቅል ብቻህን አትሞክር፤ ቅዳሜ እኔ እመጣለሁ፣ ጉልበት ያለው አንድ ጎረምሳም ጥራ። መስታወቱና መስታወት ማንሻው በሩ ውስጥ ይሁኑ፤ ክብደት አላቸው፣ ባዶ በር አስተካክለህ በኋላ መስታወት ብታስገባበት ልፋትህ ወረደ ማለት ነው። ዙሪያውን የሚዞረው ጎማ ግን ለጊዜው ይቅር። ምሰሶው ላይ ያለው የቁልፍ መያዣም ይውለቅ። በሩ ያለ እሱ፣ በማጠፊያዎቹ ብቻ ተንጠልጥሎ፣ ልኩ ላይ መዋል አለበት። መያዣው በር ይይዛል እንጂ በር አያነሳም። በሩን ስትዘጋ ጫፉ በመጨረሻዋ ቅጽበት ወደ ላይ እመር ሲል ካየህ፣ የተሰቀለው በማጠፊያው ሳይሆን በመያዣው ነው፤ ዛሬ ይዘጋል፣ ከዓመት በኋላ መያዣውን በልቶት ታገኘዋለህ።

የማጠፊያው ብሎኖች ክፉዎች ናቸው። ስንት ዓመት ተቀምጠዋል! ማታውኑ ዘይት አጠጣቸው፤ ጠዋት በመዶሻ ሲመቱት የሚዞረውን ካቻቢቴ ተጠቀም። በተራው ካቻቢቴ ታግለህ አናቱን ከላጥከው መሰርሰር ሊኖርብህ ነው፣ ያ ደግሞ ከለቅሶ የሚቆጠር ሥራ ነው። ከመፍታትህ በፊት በማጠፊያው ዙሪያ በሹል ነገር ምልክት አድርግ፤ ከየት እንደመጣህ ካላወቅህ ስንት እንደሄድክ አታውቅም። ሁለቱን ማጠፊያ በአንድ ጊዜ አታላላ። በየትኛውም መኪና በሩ ከፊት ከተሰቀለ ላይኛው ማጠፊያ ወደ ፊት ሲሄድ የበሩ ጭራ ይነሳል፤ ታችኛው ወደ ፊት ሲሄድ ጭራው ይወርዳል። ላይኛውን ወደ ውስጥ ካስገባኸው ደግሞ የሚወጣው ተቃራኒው ጥግ ነው፣ ታችኛው የኋላው። ይህን ያላወቀ ሰው ታችኛው ጥግ ሲወጣበት ታችኛውን ጥግ ይመታል። እኔም መትቻለሁ።

ሁሉም ልክ ሆኖ አንድ ጥግ ብቻ አልገባ ካለ፣ በሩ ራሱ ተጠማዝዟል። የወጣው ጥግ ታች ከሆነ ላይኛው ጥግ ላይ በጨርቅ የተጠቀለለ እንጨት አስገባና በሩን እንጨቱ ላይ ዝጋው፤ ከዚያ ታችኛውን ጥግ በጉልበትህ ወደ ውስጥ ግፋው። ትንሽ ገፍተህ እይ፣ እንደገና ትንሽ። ሰው ሲያየው ጭካኔ ይመስለዋል፤ ፋብሪካ ውስጥም በር የሚያስተካክሉት ሰዎች ክንዳቸውን ይጠቀሙ ነበር።

ፓራፋንጎው ከዚህ በኋላ ቀላል ነው፣ ብዙ አላደክምህም። ቡሎኖቹን ሁሉ በጣትህ ብቻ አስገባቸው፤ ሁሉም ቀዳዳውን ሳያገኝ አንዱንም በቁልፍ አትንካ። አንዱን አጥብቀህ ከጀመርክ የመጨረሻዎቹ ሁለት ቀዳዳ በእርግጠኝነት አይገናኙም፣ ያኔ ቀዳዳ ማስፋት ያምርሃል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር፤ ቡሎንም ሲተባበር ነው። መርገጫውም ላላ ብሎ በቦታው ይሁን፣ የፊቱንና የኋላውን ፓራፋንጎ የሚያገናኘው እሱ ነውና። በፓራፋንጎውና በአካሉ መሃል የሚገባውን ጥብጣብ አስገብተህ፣ አለመጨማደዱን አይተህ፣ ከመሃል ወደ ዳር እየተመላለስክ አጥብቅ። ጥብጣቡን የሚንቅ ሰው አለ፤ «ለውበት ነው» ይላል። ላሜራ ከላሜራ እንዳይፋጭ፣ ቀለም እንዳይበላ ነው የገባው።

ኮፈኑን በመጨረሻ። ከመስታወቱ ሥር ያሉትን ሁለት ማጠፊያዎች አላልተህ ከኋላ በኩል አስተካክለው፤ ከፊት ያለውን መቆለፊያ የምትነካው ኋላው ከተቀመጠ በኋላ ነው። አዲስ ጎማ ካደረግህለት መጀመሪያ ላይ ተነስቶ ይታይሃል። አትምታው፣ አትቀመጥበት። ዝጋውና ሦስት አራት ቀን ተወው፣ ጎማው ራሱ ይተኛል።

ዕቃ ስለመግዛት ደግሞ። ከውጭ አዲስ ፓራፋንጎ አስመጣለሁ ብለህ ነበር። አዲስ መሆኑን አልጠላሁም፤ ነገር ግን በዛሬ ቅጂዎች ላይ ቀዳዳው ከቀዳዳ የማይገናኝ፣ ላሜራውም የሳሳ ስንቱን አይቻለሁ። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት። ሶማሌ ተራ ውጣና ከድሮዎቹ አንዱን፣ ትንሽ የተጎዳ ቢሆንም፣ በምስማር ጫፍ እየጫርክ ምረጥ፤ ጉዳቱን እኔ አወጣልሃለሁ፣ ልኩን ግን ፋብሪካው ሰጥቶታል። የራስህ ዕቃ ተሰርቆ እንዳይሸጥልህ ብቻ አስተውል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ወደ አገር ማስገባት ተከልክሏል፤ ያሉን ቮልሶች ያሉን ናቸው፣ ሻጩም ይህን ያውቃል።

ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው፤ ብየዳውን ለሚያውቅ ሰው ስጠው፣ ልኬቱን ግን አንተ ራስህ ቁም። ለቅዳሜ ሁለት ክሪክ፣ ሰፊ ጣውላ፣ ቱቦላሬና አንድ ፓኬት ክብሪት አዘጋጅ። ዓይኔ እንደ ድሮው አይደለም፤ ጣቴ ግን አሁንም ጠርዝ ላይ ሲሄድ ግማሽ ሚሊሜትር ያውቃል።

ሁሉም ሲያልቅ አንድ ነገር ያስደነግጥሃል፣ አስቀድሜ ልንገርህ። ደፉ አዲስ፣ ጎማው አዲስ፣ በሩ ልክ ሆኖ ስትዘጋው አልዘጋም ብሎ ይመለስብሃል። ማጠፊያውን አትንካ። ልክ የገጠመች ቮልስ አየር አታሳልፍም፤ በሩን የሚገፋው ውስጥ የታፈነው አየር ነው። መስኮቱን ሁለት ጣት ያህል ዝቅ አድርገህ ዝጋው። አባትህ የገዛት ሰሞን እንዲያ ነበር የሚያደርገው፤ መስኮቱን ዝቅ፣ በሩን ዘጋ፣ መስኮቱን መለስ። እኔ በሩን ከሞረድኩለት በኋላ ስመለከተው መስኮቱን ማውረድ ትቶ ነበር። አላስፈለገውማ፤ አየሩ በደፉ በኩል መውጫ አግኝቷል።